በ62 ዓመቴ ታይፕ ማድረግ ልማር ወይስ ሰው ይጻፍልኝ?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የደሴ ከተማ ነዋሪ ነኝ። 62 ዓመቴ ነው። 37 ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆኜ ሠርቼ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ታሪክ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ደብተር ሞልቻለሁ። አምና ልጆቼ ገንዘብ አዋጡልኝና አንዱን ረጅም ታሪክ ታይፕ የሚያደርጉ ሰዎች ጋ ወስጄ አስጻፍኩ። 240 ገጽ ወጣው። በገጽ 20 ብር ታስቦ 4,800 ብር ከፈልኩ። ሳነበው ስሕተቱ ብዙ ነው። ስሕተቱ የጸሐፊዋ ብቻ አይደለም፣ የእኔም አለበት። ታትሞ ሳየው መለወጥ የምፈልገው ነገር በዛ። አርሜ ብመልስላቸው እንደገና አስከፈሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ፋይሉ ጠፋ አሉኝ። እጄ ላይ የቀረው በቀይ እስክሪብቶ የተዥጎረጎረ ወረቀት ነው።

ትንሹ ልጄ ጥሩ ስልክ ገዝቶልኛል። ከመደወልና ፎቶ ከማየት ውጪ አልጠቀምበትም። ብነካካው የማበላሸው ይመስለኛል። ልጄ ‹እማዬ፣ አንቺ ጻፊ ብቻ፣ የቀረውን እኔ አስጽፍልሻለሁ› ይላል። የልጅ ልጄ ደግሞ አሁንማ ማሽኑ ራሱ ይጽፋል ትለኛለች። ግራ ገባኝ። በዚህ ዕድሜ ይህን ልማር ብዬ ጊዜዬን ከማጠፋ የቀረኝን ዘመን በመጻፍ ባሳልፈው አይሻልም? ደግሞስ እስክሪብቶ የለመደ እጅ በስልክ ቢጽፍ ጽሑፉ አይበላሽም? ከአንዱ ታሪኬ ጥቂት መስመር አያይዣለሁ።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከደሴ»

ውድ መምህርት፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የፋይሉ መጥፋት አናደደኝ። 4,800 ብር ከጡረተኛ ቤት ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ የቆየሁት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። «ታትሞ ሳየው መለወጥ የምፈልገው ነገር በዛ» ብለዋል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሲጽፏት ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ። እኔ ግን ሳነባት ደስ አለኝ። የገዛ ጽሑፉን አንብቦ «ይህ እዚህ መሆን አልነበረበትም» የሚል ሰው ጸሐፊ ነው። ከአሥራ አንዱ ደብተር ይልቅ ይህ ስለ እርስዎ ብዙ ነገረኝ።

መልሴን ላስቀድም። ይማሩ። ዛሬውኑ ይጀምሩ። ነገር ግን «ኮምፒውተር ልማር» ብለው አይነሡ። እሱ ዳር የለውም፣ ተስፋ ያስቆርጣል። የራስዎን ጽሑፍ በራስዎ እጅ ለማረም የሚያስችልዎትን ብቻ ይማሩ። ሌላው ይቆይ።

«ጊዜዬን ከማጠፋ ብጽፍ አይሻልም ወይ» ላሉት ከራሴ ልነሣ። እስከ 51 ዓመቴ በእስክሪብቶ ብቻ ነበር የምጽፈው። አሁን 59 ነኝ። ያኔ አንድ ታሪክ ሠላሳ ገጽ በእጄ ገልብጬ ስጨርስ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ነገር መጀመሪያ መምጣት እንደነበረበት ይታየኛል። ክምሩን አየዋለሁ። ያበጠ ጣቴን አየዋለሁ። «ይሁን፣ ግድ የለም» እላለሁ። ታሪኩም እንደዚያው ይሄዳል። ዛሬ የድሮ ጽሑፎቼን ሳነብ እነዚያን «ግድ የለም» ያልኩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ምን መደረግ እንዳለበት ያኔም ገብቶኝ ነበር። ክንዴ ነው እምቢ ያለኝ።

ታይፕ ማድረግ ስለምድ ፍጥነቴ ብዙም አልጨመረም። ድፍረቴ ግን ጨመረ። አንቀጹን ከቦታው ነቅዬ ሌላ ቦታ እተክለዋለሁ። ካልጣመኝ እመልሰዋለሁ። አንድ ገጸ ባሕርይ ለታሪኩ እንደማያስፈልግ ሲገባኝ አወጣዋለሁ። ማንንም ገንዘብ አልጠየቅሁ፣ ማንንም አላስቸገርኩ። በ51 ዓመቴ ነው እውነተኛ ሁለተኛ ረቂቅ መጻፍ የጀመርኩት። እርስዎ ደግሞ አሁን ለእያንዳንዱ እርማት በገጽ ሃያ ብር ይከፍላሉ። እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ሦስተኛ ጊዜ አያርምም። ያልታረመ ታሪክ ደግሞ ከነሕመሙ ነው የሚታተመው።

እስኪ በላኩልኝ ጥቂት መስመር እንሞክረው። እንዲህ ይላል፦

«አያልነሽ በጠዋት ተነሥታ ቤቷን ጠረገች። ከዚያ ከሰል አቀጣጠለች። ልጇ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በጣም አዝና ነበር። ቡናውን ቆልታ ወቀጠች። ሲኒ ስትደረድር ዛሬም አራተኛውን ሲኒ አወጣችው።»

መምህርት፣ ይህች የመጨረሻዋ መስመር ታሪኩን በሙሉ ይዛዋለች። ያቺ እናት ለሌለ ልጅ ሲኒ ታወጣለች። «ዛሬም» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ሁለት ዓመት ሙሉ ያለፈውን ጠዋት ሁሉ ትነግረኛለች። ታዲያ ለምን መጨረሻ ላይ ሆነች? እርስዎ ወደ እሷ እየተጓዙ ስለነበረ ነው። ስንጽፍ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ቤት እንጠርጋለን፣ ከሰል እናቀጣጥላለን፣ ከዚያ የምንፈልገው ነገር ይመጣል። ሲገኝ ግን ወደ ፊት መምጣት አለበት።

አሁን ይህን ስልክዎ ላይ እንደጻፉት አድርገው ያስቡ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል በጣትዎ ጫን ብለው ይይዛሉ። ቃሉ ቀለም ይለብሳል፤ ዳርና ዳር ያሉትን ምልክቶች እየጎተቱ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ቀለም ያለብሱታል። «ቁረጥ» ወይም «ከት» የሚል ይመጣል፣ ይነኩታል። ጣትዎን መጀመሪያው ላይ ያሳርፉና «ለጥፍ» ወይም «ፔስት» የሚለውን ይነካሉ። ከዚያ «በጣም አዝና ነበር» የሚለውን ይሰርዙታል። አራተኛ ሲኒ የምታወጣ እናት ማዘኗን ሌላ ሰው ሊነግረኝ አያስፈልግም። የሚቀረው ይህ ነው፦

«አያልነሽ ሲኒ ስትደረድር ዛሬም አራተኛውን አወጣችው። ልጇ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»

ሁሉም ቃል የእርስዎ ነው፤ «ሆኖት ነበር»ን ወደ «ሆኖታል» ከመለወጤ በቀር አንድ አልጨመርኩም። ጠረጋውና ከሰሉ ካስፈለገ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ይህን በወረቀት ለማድረግ ገጹን እንደ አዲስ መገልበጥ ነበረብዎ። በስልክ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። እኔ «ዲጂታል ክህሎት» ሲባል የሚገባኝ ይህ ነው። ይህን ካወቁ ትልቁን ነገር አወቁ።

እጅዎ ስለለመደው እስክሪብቶ ደግሞ፣ አይጣሉት። እኔም አልጣልኩም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ዛሬም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ላይ ስሆን ቸኩዬ አልሰርዝም፣ ሐሳቡ እስኪወጣ እታገሣለሁ። ከዚያ ማታ ማታ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ። መገልበጡ ራሱ የመጀመሪያው እርማት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ታይፕ ለማድረግ ከሰለቸኝ፣ አንባቢም ለማንበብ ይሰለቸዋል ብዬ እተወዋለሁ። ይህን ሌላ ሰው ሊሠራልዎ አይችልም። ልጅዎ «እኔ አስጽፍልሻለሁ» ማለቱ ከፍቅር ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን ከሚከፍልልዎ ይልቅ ለአንድ ወር በየቅዳሜው ሰዓት ቢሰጥዎ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ወደ ጣቱ እንምጣ። ስልክ ላይ አማርኛ መጻፍ ለእርስዎ ከማንም በላይ ይቀልዎታል፤ የምለው ላጽናናዎ ብዬ አይደለም። 37 ዓመት ሀ ሁ ሂ አስቆጥረዋል። የአማርኛ ኪቦርድ የተሠራው በዚያው ገበታ ላይ ነው። አንዳንዱ የስልክ ኪቦርድ «ለ»ን ሲነኩ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎን ከላይ ይደረድርልዎታል፣ የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት የኖሩት ተራ ነው። በኮምፒውተር ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ ነው የሚኬደው። «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የሚሉትን አምስት ቁልፎች ይመታሉ። ኤስና ኢ አብረው «ሰ»ን ይሰጣሉ። ኤልና ኤ «ላ»ን። ኤም ብቻዋን «ም» ትሆናለች። ያስተውሉ፣ አናባቢ ያልተከተለው ሳድስ ነው። ካዕብ በዩ፣ ሣልስ በአይ፣ ሳብዕ በኦ ይመጣል። ኃምሱ እንደየኪቦርዱ ይለያያል። «ጠ»ን የመሰሉት ጠንካራ ድምፆች አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ ፊደል ይመታሉ። ለሌላ ሰው ይህን ለማስረዳት አንድ ቀን ይፈጅብኛል። እርስዎ ግን ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የሚለውን በእንቅልፍ ልብዎም ይሉታል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይልመዱ። የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ እየመቱ አራት ነጥብ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ለዓይን ይመስላል። ለማሽኑ ግን አራት ነጥብ አይደለም። ኋላ ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ከላይ እስከ ታች ማስተካከል ይጠይቃል። እውነተኛው «።» ኪቦርዱ ላይ አለ። የልጅ ልጅዎ ታሳይዎት።

«ብነካካው የማበላሸው ይመስለኛል» ያሉት ፍርሃት በደንብ ይገባኛል። መጀመሪያ ወር እኔም አንዲት ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ትንፋሼን እይዝ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንዲት ነገር ብቻ ይማሩ። መጻፊያው ላይ ወደ ኋላ የምትታጠፍ ቀስት አለች። ያደረጉትን የመጨረሻ ነገር ትመልሳለች። ደግመው ሲነኳት ከዚያ በፊት የነበረውንም ትመልሳለች። ግማሽ ገጽ ይጻፉና ሁሉንም በገዛ እጅዎ ያጥፉት። ከዚያ በቀስቷ ይመልሱት። ይህን አምስት ጊዜ ያድርጉ። ስድስተኛው ላይ ፍርሃቱ ይለቅዎታል። እኔን የለቀቀኝ እንደዚህ ነው።

የሚያስተምርዎትን ሰው በሚመለከት አንድ ሕግ አለኝ። «ስልኩን ከእጄ ሳትወስዱ አሳዩኝ» ይበሏቸው። ልጆቻችን ቸኩለው ስልኩን ይቀበሉናል፣ ጣታቸው ብር ብር ይላል፣ «ይኸው፣ ተሠራ» ይሉናል። ተሠራ፣ እኛ ግን አልተማርንም። እርስዎ የአንድ ተማሪ እጅ ይዘው «ሀ»ን አስጽፈው ያውቃሉ። እርሳሱን ቀምተው እርስዎ ቢጽፉለት ኖሮ ዛሬም አይጽፍም ነበር። የልጅ ልጅዎ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በአፏ ብቻ ትንገርዎት። እርስዎ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ በራስዎ ቃል በደብተር ይጻፉት። አሥራ ሁለተኛው ደብተር ይሁን። እኔ ያን ደብተር አሁንም አለኝ። «ጽሑፉን ወደ ሌላ ሰው ለመላክ ሦስት ነጥብ ያለበትን መንካት» ይላል አንዱ ገጽ። ዛሬ ሳየው ያሳዝነኛል፣ ደስም ይለኛል።

በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የመጀመሪያውን ወር ታሪክዎን አይንኩት። የዕለት ማስታወሻ ይጻፉ፦ የጦሳ ተራራ ዛሬ ጉም ለብሶ ዋለ፣ ሽንኩርት እንዲህ ገባ፣ ጎረቤት እንዲህ አለች። ጣትዎ የሚለማመደው በማይሳሱለት ጽሑፍ ላይ ቢሆን ይመረጣል። የፊደሉን መጠን ከስልኩ ማስተካከያ ገብተው ያሳድጉት። መነጽርዎን አጥልቀው፣ ፊደሉን አተልቀው፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ይቀመጡ። በትናንሽ ፊደል ዓይንን ማሰቃየት ብዙ የኛን ዕድሜ ሰዎች ከመንገድ ያስቀረ ነገር ነው።

አሁን ስለጠፋው ፋይል። ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ጽሑፍ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። የሁለት ዓመት ሥራ አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ነበር። ቫይረስ በላው። ሦስት ሳምንት እስክሪብቶ አልነካሁም፣ ሰው የሞተብኝ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጽሑፌ ሦስት ቦታ ይተኛል። አንዱ ስልኬ ላይ ነው። አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ በጂሜይል አካውንቴ። አንዱ ፍላሽ ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ። የጂሜይል አካውንት በነፃ ነው፣ 15 ጊጋባይት ቦታ ይሰጣል። ያ ለእርስዎ ከበቂ በላይ ነው። 240 ገጽ ጽሑፍ፣ ሥዕል ከሌለበት፣ በስልክ ከተነሣ አንድ ጥሩ ፎቶ የበለጠ ቦታ አይዝም። ጉግል ዶክስ የሚባለው መጻፊያ ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱ ያስቀምጣል። ዳታ ሲያልቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲሠራ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። ቴሌግራም ካለዎት ደግሞ ለራስዎ መልእክት የሚያስቀምጡበት ቦታ አለው። በየሳምንቱ እሑድ ፋይሉን ወደዚያ ይላኩት። ቀኑን ስሙ ላይ ይጻፉበት። ስልኩ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ ታሪኩ አይጠፋም። የይለፍ ቃልዎን ግን ለማንም አይስጡ። በስልክዎ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር «ላኪልኝ» የሚል ሰው፣ የሚያውቁት ሰው ስም ቢይዝም እንኳ፣ አይመኑት።

ምናልባት ታይፕ ካደረጉልዎ ሰዎች ወይም ከሌላ ቦታ ሶፍት ኮፒ (የጽሑፉን ፋይል) የሚያገኙ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። «በዩኒኮድ ነው ወይ የተጻፈው?» ይበሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደላችንን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ደሴም ይከፈት ዱባይ፣ ስልክም ይሁን ኮምፒውተር፣ ያው አማርኛ ነው። አንዳንድ ታይፕ የሚያደርጉ ቤቶች ግን እስከ ዛሬ በድሮው ይጽፋሉ። ያንን ተቀብለው ስልክዎ ላይ ሲከፍቱት የማይነበብ ነገር ቢያገኙ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» እንዳይሉ ነው የምነግርዎት። እርስዎ ራስዎ ስልክዎ ላይ የሚጽፉት ሁሉ ዩኒኮድ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርዎት። ይኼኛው ጽሑፌን የምር የለወጠ ነው። «ፈልግ» የምትባል አለች። አንድ ቃል ይሰጧታል፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለበትን ሁሉ ታወጣለች። አንድ ረጅም ታሪክ ውስጥ ኃይሉ የሚባል ሰው ነበረኝ። ስሙን ልቀይር ፈልጌ ብፈልገው ከጠበቅሁት እጅግ ያነሰ መጣ። ግራ ገባኝ። ለካ አንዳንድ ቦታ ሀይሉ፣ አንዳንድ ቦታ ሃይሉ፣ አንዳንድ ቦታ ሐይሉ እያልኩ ጽፌዋለሁ። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለማሽኑ አራት ሰዎች ናቸው። በወረቀት ሃያ ዓመት ስጽፍ ይህን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። አሁን እያንዳንዱን ታሪክ ስጀምር የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም በአንድ አጻጻፍ ወስኜ ደብተሬ ኋላ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ፀሐይ ከሆነ ፀሐይ፣ ጸሀይ ከሆነ ጸሀይ። እርስዎ መምህርት ነዎት፣ ይህ ነገር ከእኔ በላይ ይቆረቁርዎታል።

በዚህችው «ፈልግ» የራሴን አመልም አገኘሁ። «በጣም» የሚለውን ፈለግሁ። አንድ አጭር ታሪክ ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ነበር። እያንዳንዱ ጋ እየሄድኩ «ያለ አንተ አይቆምም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስድስቱ ብቻ ቀሩ። ታሪኩ እፎይ አለ። የእርስዎን አላውቅም፣ ግን ከላኩልኝ ስድስት ዓረፍተ ነገር አንዱ ውስጥ አለችና ይፈልጓት።

የልጅ ልጅዎ «ማሽኑ ራሱ ይጽፋል» ማለቷ እውነት አለው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ሲጠየቁ አማርኛም ይጽፋሉ። ታሪክዎን ግን አይስጧቸው። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ሽማግሌው «አንቱ» ይባላል፣ ማሽኑ «እርስዎ» ሊያደርገው ይችላል። የወሎ ሰው ሲጫወት ቃሉን እንዴት እንደሚያለሰልሰው እርስዎ በጆሮዎ ይዘውታል። ማሽኑ ያንን አለስልሶ ሳይሆን ላጭቶ ነው የሚመልስልዎት። ያ ድምፅ ከጠፋ አሥራ አንዱ ደብተር ለምን ተጻፈ? «ፊደሉን እንዴት ላሳድግ» ዓይነት ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁት። አያልነሽን ግን አይንካብኝ።

በድምፅ መጻፍም አለ። ጉግል አማርኛን በድምፅ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ማይክራፎን ነክተው ሲናገሩ ይጽፋል። ስም ያሳስታል፣ ነጥቡንም ኋላ እርስዎ ነዎት የሚያስገቡት። ጣትዎን ሲያምዎት ግን ይረዳል። እኔ ለንግግር ብቻ ነው የምጠቀምበት። ሁለት ሴቶች የሚነጋገሩበት ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እንደ ሁለቱም ሆኜ እናገራለሁ። በአፍ የወጣ ንግግር በእጅ ከተጻፈው ይልቅ ሰው ሰው ይሸታል። ትረካውን ግን በድምፅ ስሞክር ይንዛዛብኛል።

ታሪኩን ለሰው ማሳየቱ ላይ አልቸኩልም። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍተው አጫጭር ታሪኮችን መልቀቅ ይችላሉ፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ አንባቢም ይገኛል። ረጅሙን ግን ለጊዜው ይያዙት። አንዴ ከለቀቁት ሰው ይገለብጠዋል፣ ስምዎንም ሊያነሣው ይችላል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የጸሐፊን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። መብቱ አለዎት። ግን ሰው ከመክሰስ ይልቅ ከመጀመሪያው መጠንቀቅ ይቀልላል። ስምዎንና ቀኑን ከእያንዳንዱ ታሪክ ራስ ላይ ይጻፉ።

አሁን ያ በቀይ እስክሪብቶ የተዥጎረጎረው 240 ገጽ አለ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ኪሣራ እንዳይመስልዎ። በላዩ ላይ ያለው ቀዩ ሁሉ የእርስዎ ሁለተኛ ረቂቅ ነው። አንድ ወር ከተለማመዱ በኋላ በቀን አንድ ገጽ እየገለበጡ፣ ቀዩን እያስገቡ ይሂዱ። ቢያንስ ስምንት ወር ይፈጃል። ብዙ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ስምንት ወሩ መቼም ማለፉ አይቀርም። በመጨረሻው እጅዎ ላይ የሚኖረው ማንም ሊያጠፋብዎ የማይችል፣ እንደፈለጉ የሚያርሙት ጽሑፍ ነው። አንዳንድ ቀን መብራት ይጠፋል፣ አንዳንድ ቀን እንግዳ ይመጣል። ያን ቀን ደብተሩን ይክፈቱ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። የአያልነሽን ታሪክ መጀመሪያ ይጻፉልኝ፣ በስልክዎ፣ በራስዎ ጣት። ስሕተት ቢኖርበትም ይላኩት። የላኩልኝ እኮ ስድስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ቡናው ከፈላ በኋላ ያ አራተኛው ሲኒ ባዶውን ይቀመጥ ይሆን ወይስ ትቀዳበት፣ አላውቅም። ከትናንት ጀምሮ እሱን እያሰብኩ ነው።